የዐድዋን ዕለት ወደ ኋላ ስለ መቍጠር

ጠያቂ፦ የኔታ፣ የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በ1888 ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት 23 ቀን፣ በዕለተ እሑድ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ እሰማለሁ። የካቲት 23 መሆኑን እቀበላለሁ፤ ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ስለ ነበረ ሕዝቡ ቀኑን ከታቦቱ ጋር አያይዞ ይዞታልና፣ እንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ አይረሳም። እሑድ መሆኑን ግን ዛሬ ቁጭ ብሎ አስልቶ አገኘሁት የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ልቤ ይጠራጠራል። ያለፈ ዕለት አለፈ፤ ያየው ሰው ከነገረን እናምነዋለን፤ ካልነገረን ደግሞ ቍጥር ከየት አምጥቶ ይነግረናል?

ሐሳቢ፦ ቍጥር ከየትም አያመጣም፤ በእጃችን ካለው ውስጥ ያላስተዋልነውን ያወጣል እንጂ። እስቲ አብረን እንሂድ። በ5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 1888ን ስንደምር 7388 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለአራት ብናካፍለው 1847 ይደርሳል፣ የሚተርፍም የለም፤ ትርፍ የሌለበት ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው። ያ 1847 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ በየአራት ዓመቱ በጳጕሜን ላይ የምትታከለው ስድስተኛ ዕለት እስከዚያ ዓመት ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ታከለች የሚነግረን እርሱ ነው። ሁለቱን ደምረን 9235 እናገኛለን፤ በሰባት ብንገድፈው 2 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ ይውላልና የ1888 ርእሰ ዐውደ ዓመት ረቡዕ ነበረ። ከዚያ ዕለት አንሥቶ የካቲት 23 እስኪደርስ 172 ቀን ያልፋል፤ ይኸውም 24 ሱባዔ ከ4 ቀን ነው። እንግዲህ በረቡዕ ላይ አራት ቀን ጨምር።

ጠያቂ፦ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ድምሩ ልክ ነው፤ የምጠራጠረው በድምሩ ሳይሆን በመነሻው ነው። ዓለም ከተፈጠረ እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው ብለው ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ቆሞ ያየ ማን ነው? መሠረቱ በእምነት የተተከለ ከሆነ በላዩ የተሠራው ሁሉ፣ የእሑዱም ነገር ጭምር፣ በእምነት የቆመ መሆኑ አይደለምን?

ሐሳቢ፦ አይደለም። የዘመን ቈጣሪዎች ሥራ ከፍጥረት ተነሥተው ወደ እኛ የመጡ ያስመስለዋል እንጂ በእውነቱ የተሄደበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሚያውቁት ዘመን ቆመው፣ የሚያውቁትን ዕለትና የሚያውቁትን ጨረቃ ይዘው ወደ ኋላ ቈጠሩ፣ ቍጥሩም የሚያርፍበትን ቦታ መነሻ ብለው ሰየሙት። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት እንዲህ አደረገ፤ የሮማው ዲዮናስዮስ ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት በሌላ ስሌት ሌላ ቦታ ላይ አረፈ። በእኛና በፈረንጆች መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱም ልደትን በዓይናቸው አላዩም። ነገር ግን ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢሳሳቱ 1888 የተባለው ዓመት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስሙ ቢለወጥ እንኳ ዓመቱ ያው ዓመት ነው።

ጠያቂ፦ ይሁን፤ መነሻውን ለጊዜው እተዋለሁ። ነገር ግን ሰንሰለቱስ ሳይበጠስ መምጣቱን በምን ያውቃሉ? በ1582 በፈረንጆች አቈጣጠር የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ዐሥር ቀን በአንድ ሌሊት ሰርዘው አልነበረምን? አንዱ ጳጳስ ዐሥር ቀን መሰረዝ ከቻለ፣ ሌላው ንጉሥ በሌላ ዘመን አንድ ቀን አልሰረዘም ብሎ ማን ይምላል?

ሐሳቢ፦ ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የበረታ ነው። ጎርጎርዮስ የሰረዙት የወሩን ቍጥር ነው፤ የሳምንቱን ዕለት አልነኩም። ኦክቶበር 4 ሐሙስ ነበረ፣ በማግሥቱ ኦክቶበር 15 ተብሎ ዓርብ ሆነ። መስኮብ እስከ 1918 ድረስ አሮጌውን ቍጥር ይዞ ኖረ፤ የዐድዋንም ዕለት በፔተርስቡርግ የሚኖር ሰው ፌብሩዋሪ 18 ብሎ ሲጽፈው በሮማ ያለው ማርች 1 ብሎ ጽፎታል፤ እሑድ ግን ለሁለቱም እሑድ ነው። ሳምንትን የሚጠብቃት ንጉሥ አይደለም። የአይሁድ ሰንበት ቅዳሜ፣ የክርስቲያን እሑድ፣ የእስላም ጁምዓ ዓርብ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ሕግ እየተጠበቁ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ከሦስቱ አንዱ በአንዲት ቀን ቢሳት በሚቀጥለው ገበያ ቀን ይታወቅበታል። በሃይማኖት የማይስማሙ ሦስት ሕዝቦች ቀን ለመስረቅ ተማከሩ ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ከእኔ ይልቅ እርሱ ነው ብዙ የሚያምነው።

ጠያቂ፦ የሳምንቷን ነገር ተሸነፍሁ። ነገር ግን ማርች 1 ያሉትን ልያዝብዎ። እኛ የዐድዋን በዓል በየዓመቱ የካቲት 23 ስናከብር ፈረንጆች ማርች 2 ይሉታል፤ በየግድግዳው የተሰቀለ የቀን መቍጠሪያ ሁሉ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የኢጣሊያ መጻሕፍት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ብለው ይጽፋሉ። የካቲት 23 ማርች 2 ከሆነ፣ ወይ አባቶቻችን ወይ ኢጣሊያኖች በአንድ ቀን ተሳስተዋል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱን ያስታረቀ አላየሁም።

ሐሳቢ፦ የሚታረቅ ጠብ የላቸውም። በእኛ ቍጥር በየአራት ዓመቱ ጳጕሜን ስድስት ትሆናለች፤ ለማንም ዓመት አታዳላም። በጎርጎርዮስ ቍጥር ግን መቶ ዓመት የሞላበት ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም። 1900 ለ400 አይካፈልም፤ ስለዚህ በ1900 እኛ የጨመርነውን ዕለት እነርሱ አልጨመሩም፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1888፣ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ነው፤ ዛሬ ቢሆን ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውል ነበር። በሴፕቴምበር 11 ላይ 172 ቀን ጨምርበት፤ 1896 ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ዓመት መሆኑን ሳትዘነጋ ብትቈጥር ማርች 1 ላይ ታርፋለህ። የግድግዳውን ሰሌዳ ይዞ ወደ 1888 የሚሻገር ሰው ማርች 2 ቀን 1896 ላይ ይወድቃል፤ ያ ዕለት ደግሞ ሰኞ ነው። ቅድም የተጠራጠርህባት እሑድ ስሕተቱን የምትይዝልህ እርሷ ናት።

ጠያቂ፦ እንግዲያው የዐድዋን መታሰቢያ የምናከብርበት ዕለት የትኛው ነው? ምድር ፀሐይን ዞራ በተመለሰችበት ቦታ የምንለካው ከሆነ ማርች 1 ይቀርባል፤ የእኛ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝማልና በ128 ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ከ2100 በኋላ ደግሞ የካቲት 23 ማርች 3 ሊሆን ነው። እያደር ከዕለቱ እየራቅን ዕለቱን አከበርን እንላለን።

ሐሳቢ፦ ከፀሐይ እየራቅን ነው ብትል እሺ እልሃለሁ፤ ከዕለቱ እየራቅን ነው ያልኸውን ግን አልቀበልም። በዚያ ዕለት የተዋጉት ሰዎች ቀኑን በፀሐይ ደረጃ አላወቁትም፤ የጊዮርጊስ ዕለት ብለው አወቁት፤ የጊዮርጊስ ዕለት 23 ነው። መታሰቢያ ባለቤቶቹ በጠሩት ስም ይጠበቃል። የእርሻውን ወቅት የሚያሰላ ሰው ግን አንተ እንዳልኸው ፀሐይን ይጠይቅ፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለ ሆኑ ሁለት መልስ ቢኖራቸው አይደንቅም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላሳይህ፤ እሑዱን ያወጣንበት ስሌት እዚያ ላይ አይቆምምና። 7388ን በ19 ብትገድፈው 16 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ስትተው ወንበር 15 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴ 15፣ በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ መጥቅዕ 15 ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ አለመሳቱን ይመሰክራል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 15 ደግሞ ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ከ15 ጋር መባጃ ሐመር 19 ይሆናል፤ ነነዌ ጥር 19 ሰኞ ገባች ማለት ነው። ከዚያ በ14 ቀን፣ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም ይገባል። እንግዲህ እሑዶቹን አስከትል፤ ዘወረደ የካቲት 2፣ ቅድስት 9፣ ምኵራብ 16፣ ከዚያስ?

ጠያቂ፦ መፃጕዕ፤ የካቲት 23።

ሐሳቢ፦ መፃጕዕ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው በሽተኛ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ የተባለበት ወንጌል በሚነበብበት እሑድ ነው ጦርነቱ የተደረገው። ዘማቹ በጦር ሜዳ ጾሙን ጠበቀ ወይስ አልጠበቀም እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ማለዳ በየደብሩ የተቃኘው መዝሙርና የተነበበው ንባብ ምን እንደ ነበረ ዛሬ በወረቀትና በእርሳስ እናውቃለን። ፋሲካውም መጋቢት 28 ይወጣል፤ በፈረንጆች ኤፕሪል 5። የሚገርመው በዚያ ዓመት የሮማው ፋሲካ ራሱ ኤፕሪል 5 ዋለ። ከዐድዋ የተማረኩት የኢጣሊያ ወታደሮችና የማረኳቸው ሰዎች ትንሣኤን በአንድ ቀን ነው ያደረጉት።

ጠያቂ፦ ደስ የሚል ነገር ነው የኔታ፤ ግን ደስ ማሰኘቱ እውነት መሆኑን አያሳይም። እስከ አሁን የጠየቅሁዎ በቍጥርና በቍጥር መካከል ነበር፤ አሁን ቍጥሩን ከሰማይ ጋር ላስተያየው። ሠርቀ ሌሊት የሚባለውን አውቃለሁ፤ አበቅቴን፣ የወሩን ሕፀጽና ዕለቱን ደምሮ የጨረቃን ዕድሜ ማውጣት ነው። የየካቲት ሕፀጽ 3 ነው፤ አበቅቴው 15፣ ዕለቱ 23፤ ድምሩ 41፣ በ30 ሲገደፍ 11። በባሕረ ሐሳብ መሠረት የዐድዋ ሌሊት ጨረቃ ገና የ11 ሌሊት ጨረቃ ነበረች፤ ሙሉም አልሆነች። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ግን ጨረቃ የሞላችው ፌብሩዋሪ 28 ቀን ነው ይላሉ፤ ይኸውም የካቲት 21። የኢጣሊያ ጦር በፌብሩዋሪ 29 ምሽት ከሰፈሩ ተነሥቶ ሌሊቱን ወደ ዐድዋ ሲገሠግሥ በላዩ የነበረችው ጨረቃ ሞልታ ጐድላ መመለስ የጀመረች ጨረቃ ናት። መጽሐፍዎ ባለችበት ላይ አላገኛትም። በአንድ ነገር የሳተ ምስክር በሌላው ሲታመን እንዴት ይሆናል?

ሐሳቢ፦ ይህን ያነሣህብኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ይመለሳል። እውነት ነው፤ የእኛ ጨረቃ ከሰማዩ ጨረቃ በአራት በአምስት ቀን ትዘገያለች። ምክንያቱም የታወቀ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ነው ተብሎ የተሠራው ቀመር እጅግ የቀረበ ነው እንጂ ፍጹም አይደለም፤ በየ19 ዓመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በትንሹ የሚያንስ ልዩነት ይተርፋል። ያች ትርፍ በ300 ዓመት ከጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ትሞላለች። ስሌቱ በእስክንድርያ ከተደላደለ እስከ ዐድዋ ድረስ 1500 ዓመት ያህል አልፏል፤ 1500ን ለ300 ብታካፍል ስንት ቀን ነው?

ጠያቂ፦ አምስት።

ሐሳቢ፦ በ11 ላይ አምስት ጨምር።

ጠያቂ፦ 16።

ሐሳቢ፦ አሁን ከእኛ ጋር ምንም ምክር የሌለውን ምስክር ጥራ። በእስላሞች አቈጣጠር የዐድዋ ዕለት የረመዳን 16 ቀን 1313 ገደማ ነው፤ ጨረቃ በዓይን ስትታይ በሚጀመረው ወር አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላልና ገደማ አልሁ። በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ውስጥ የነበረው ክርስቲያን በዐቢይ ጾም፣ እስላሙም በረመዳን ውስጥ ነበሩ ማለት ነው፤ ሁለቱም የጾም ወራቸውን እኩሌታ ሊደርሱ የቀረቡ ወይም የደረሱ። እንግዲህ የእኛ መጽሐፍ በ11 ቆሞ የሰማዩ ጨረቃ 16 ላይ ብትገኝ፣ መጽሐፉ ስንት ቀን እንደሚዘገይ አስቀድመን በምክንያት አውቀነዋል። ስሕተቱ ልክ ያለው፣ እርምጃው የታወቀ ስሕተት ከሆነ፣ አርመን እንጠቀምበታለን እንጂ ምስክሩን ከሸንጎ አናስወጣውም።

ጠያቂ፦ አርመው ከተጠቀሙበት ዘንድ ለምን መጽሐፉን ራሱን አላረሙትም? ፋሲካው በተሳሳተ ጨረቃ መውጣቱን እያወቃችሁ ዝም አላችሁ።

ሐሳቢ፦ የፋሲካ ቀመር የተሠራው ሰማይን ለመሰለል አይደለም፤ ከእስክንድርያ እስከ ኢትዮጵያ ያለው ሕዝበ ክርስቲያን ደብዳቤ ሳይጻጻፍ በአንድ ቀን እንዲጾምና እንዲፈስክ ነው። ያን ሥራ ይሠራል። የአንድ አገር ሊቅ ብቻውን ተነሥቶ ቢያርመው ጨረቃን አግኝቶ ወንድሞቹን ያጣል። ደግሞም በ1888 እንዳየኸው ፋሲካ እሑድን ስለሚጠብቅ የጨረቃዋ መዘግየት አንዳንድ ዓመት በሳምንቱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ከሮማ ጋር በአንድ ቀን መዋላችን ከዚህ የመጣ ነው እንጂ የእኛ ጨረቃ ትክክል ስለ ነበረች አይደለም።

ጠያቂ፦ እንዲህ ሲሉኝ ይበልጥ አምንዎታለሁ። አሁን ግን ከዐድዋ ልውረድና ወደ ራሴ ቤት ልምጣ፤ ለነገሥታትና ለጦርነት ዕለት ጸሐፊ አይጠፋም፤ ስሌትዎ የሚፈተነው ማንም ያልጻፈለት ዕለት ላይ ነው። ነፍሷን ይማርና አያቴ የልደቷን ዓመት አታውቅም ነበር። የምትናገረው ይህን ብቻ ነው፤ የተወለደችው ከዐድዋ በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቅዳሜ ቀን፣ ባቡር ሳይገባ ነው። የመቃብሯን ድንጋይ ልናስቀርጽ ስለ ሆነ ዓመቱን እንፈልገዋለን።

ሐሳቢ፦ ብዙ ሰው ከዚህ ያነሰ ይዞ ይመጣል። ኅዳር 12 ከመስከረም 1 በኋላ 71ኛው ቀን ነው፤ ይኸውም ዐሥር ሱባዔ ከአንድ ቀን። ኅዳር 12 ቅዳሜ የሚሆነው መስከረም 1 ዓርብ በዋለበት ዓመት ነው። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው በሰባት ሲገደፉ 4 የሚተርፍባቸውን ዓመታት ፈልግ፤ ከዐድዋ ወዲህ 1890፣ ከዚያ 1901፣ ከዚያ 1907 ይመጣሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ታኅሣሥ ስለ ሆነ 1907 ይወድቃል። የቀሩት 1890ና 1901 ናቸው። ባቡር ድሬ ዳዋ የገባው በ1895 ነው፤ ባቡር ሳይገባ ካለች 1890 ነው።

ጠያቂ፦ አጎቴ ግን ዓርብ ሌሊት ነው የተወለደችው ይላል። በእርሱ ቃል ከሄድን ኅዳር 12 ዓርብ የዋለበትን መፈለግ አለብን፤ ያን ጊዜ 1889፣ 1895፣ 1900፣ 1906 ይመጣሉ። በአንዲት ሌሊት ልዩነት ዓመታቱ ሁሉ ተገለባበጡ፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። የተዛባ ወሬ ስሌት ውስጥ ሲገባ ወሬነቱን ትቶ የተቈረጠ ነገር መስሎ ይወጣል። እንዳለ ቢቀር ሁሉም በጥርጣሬ ይይዘው ነበር።

ሐሳቢ፦ ፍርሃትህ ተገቢ ነው፤ በዚህኛው ነገር ግን አጎትህና አያትህ አይጣሉም። በእኛ አገር ሌሊት የሚቈጠረው ለሚነጋው ነው፤ ዓርብ ሌሊት የተወለደ ለቅዳሜ አጥቢያ ተወለደ ይባላል፤ ያች ሌሊትም የሚካኤል ዋዜማ አልፎ ሚካኤል የገባባት ሌሊት ናት። አጎትህ ያመሸበትን ዕለት ጠራ፣ እርሷ የነጋባትን ጠራች። ሁለቱ ቃል ተለያይቶ አንድ ዓመት ላይ መገናኘቱ ለእኔ ከአንድ ሰው ቃል የበለጠ ነው። ወሬውን ወደ ስሌት ማስገባት ወሬውን አያጸድቀውም ብለሃል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሊያስኰንነው ይችላል። የኅዳር ሚካኤል ሰኞ ቀን፣ በ1890 የሚል ሰው ቢመጣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆኑን ወዲያው እነግረዋለሁ። ትዝታ ብቻውን ራሱን እንዲህ መያዝ አይችልም።

ጠያቂ፦ ሐሰትን መያዝ ይችላል፤ እውነትን ግን ከሁለት እውነት-መሳዮች መካከል መምረጥ አይችልም። አያቴ የተወለደችው ሐረርጌ ነው፣ አግብታ የኖረችው ግን አዲስ አበባ ነው። ባቡር ሳይገባ ስትል ድሬ ዳዋ ሳይገባ ማለቷ ነው ወይስ አዲስ አበባ ሳይገባ? አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በዚያ ከሄድን 1901ም ያው በሩ ክፍት ነው። በ1890ና በ1901 መካከል ደግሞ ዕለቱም፣ ወሩም፣ በዓሉም፣ ሌሊቱም አንድ ናቸው።

ሐሳቢ፦ ልጆቿን መቼ እንደ ወለደች፣ ታናናሾቿ በስንት ዓመት እንደሚያንሷት፣ የክርስትና እናቷ መቼ እንደ ሞተች ጠይቅ። ከእነዚህ አንዱ ዐሥራ አንዱን ዓመት ይከፍልልሃል።

ጠያቂ፦ ጠይቄያለሁ። ታናናሾቿ ሁሉ ዓመታቸውን የሚቈጥሩት ከእርሷ ነው፤ እርሷ በስንት ዓመቷ እንዳዘለቻቸው እየተናገሩ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ከማይጨው ዘመቻ በፊት ነው ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም፤ ያ ለሁለቱም ዓመት ይሆናል።

ሐሳቢ፦ እንግዲያው ስሌቴ እስከዚህ ነው። ሁለት ዓመት ትቶልሃል፤ ከዐሥራ ስምንት ዓመት ሁለት መቅረቱ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። በድንጋዩ ላይ ኅዳር 12 ቀን፣ ቅዳሜ፣ በ1890 ወይም በ1901 ብለህ አስቀርጽ።

ጠያቂ፦ ቀራጩ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ቦታ ነው ያለኝ ብሏል፤ ወንድሞቼም በመቃብር ላይ «ወይም» የሚል ቃል አይጻፍም ይላሉ። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?

ሐሳቢ፦ 1890ን። ሐረርጌ የተወለደ ልጅ ወላጆቹ ዕድሜውን የሚያስታውሱለት በዚያው አገር በሆነ ነገር ነው፤ ለእነርሱ ባቡር ማለት የድሬ ዳዋው ነው። ይህ ግን ቍጥር የነገረኝ አይደለም፤ የእኔ ግምት ነው፤ ለወንድሞችህ ስትነግር ሁለቱን ለይተህ ንገራቸው።

ጠያቂ፦ ብለይላቸውም ድንጋዩ አይለይላቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው 1890 የሚለውን አንብበው ዕለቱን ሲያሰሉ ቅዳሜ ሆኖ ያገኙታል፤ ያን ጊዜ ዓመቱ ተረጋገጠ ይላሉ።